ስለ ዩን ዮጆንግ እናውራ፣ ኦስካሩን ብቻ ለምታውቁ

የቡና_ቁርስ፦
ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ከረማችሁ። እዚህ ስለ ኮሪያ ድራማ ስናወራ ሁሌ ወጣቶቹ ላይ ነው የምንረባረበው፣ ማን ከማን ጋር ሰራ፣ ማን አገባ፣ ማን ወታደር ቤት ገባ፣ ደስ ይላል እኔም አብሬያችሁ ነኝ። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ሴትዮ ልጽፍ ፈልጌ ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው ነበር። ዩን ዮጆንግ። ኮሪያዊት ተዋናይት ናት፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ሚናሪ በሚለው፣ አሜሪካ ስለተሰደደ የኮሪያ ቤተሰብ በሚያወራው ፊልም ላይ አያት ሆና ነው፣ በ2021 ኦስካር የወሰደችው። እኔም የማውቀው እሱኑ ብቻ ነበር፣ ከዛ ወደ ኋላ እየሄድኩ ስራዎቿን መፈለግ ጀመርኩና አላቆም አልኩ።

ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። የተወለደችው በ1947 ኬሶንግ ነው፣ ያደገችው ሶል። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ አመት እያለች ቴሌቪዥን ጣቢያ ፓርት ታይም ገባች፣ ስራዋ ምን መሰላችሁ፣ ፕሮግራም መሪው ለተመልካች የሚያድለውን ስጦታ ማቀበል! ከዛ በ1966 እዛው ጣቢያ የተዋናይ ፈተና ተፈትና አለፈች። ከልጅነቴ ጀምሮ ህልሜ ነበር ምናምን የሚል ነገር ከሷ አትሰሙም፣ በአጋጣሚ ነው የገባሁት ነው የምትለው።

1971 ላይ ሁለት ነገር ባንዴ መጣላት። ኤምቢሲ የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ጃንግ ሂቢን የሚለውን የቤተ መንግስት ድራማ ሰራች፣ ሂቢን ማለት የጆሰን (የድሮዋ ኮሪያ) ንጉስ ቁባት የነበረች፣ ንግስቲቱን አስወርዳ ራሷ የነገሰች፣ በመጨረሻ መርዝ ጠጥታ እንድትሞት የተፈረደባት ሴት ናት፣ ኮሪያዎች በየዘመኑ እየመለሱ የሚሰሩት ታሪክ ነው። ዩን እሷን ሆና ስትሰራ ህዝቡ ከልቡ ጠላት፣ ፖስተር ላይ አይኗን እየወጉ እስኪበሱት ድረስ። በዛው አመት ዳይሬክተር ኪም ኪዮንግ የእሳት ሴት የሚለው ፊልም ላይ አሰራት፣ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው፣ ከገጠር የመጣች የቤት ሰራተኛ ሆና። ለሱ እዛው ሀገሯ ብሉ ድራጎንን፣ ስፔን ደሞ ሲትጀስ ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። ገና 24 አመቷ ነው።

ከዛ አገባች። ባሏ ጆ ዮንግናም ታዋቂ ዘፋኝ ነው፣ ተከትላው አሜሪካ ፍሎሪዳ ሄደች፣ ሁለት ወንድ ልጅ ወለደች፣ አስር አመት ገደማ ከካሜራ ጠፋች። በ1984 ሀገሯ ተመለሰች፣ በ1987 ተፋቱ። ሁለቱን ልጆች ይዛ ብቻዋን ቀረች። እና ቲቪ ላይ ስትመለስ ሰው ጣቢያው ድረስ እየደወለ የተፋታች ሴት ለምን ታሳዩናላችሁ ይል ነበር፣ ድምጿንም አንወደውም ይሉ ነበር። እሷ ግን ትንሽ ሚና ትልቅ ሚና ሳትል የተሰጣትን ሁሉ ሰራች፣ ልጅ ማሳደግ አለባትና።

አንድ ኢንተርቪው ላይ ተዋናይ በጣም ጎበዝ የሚሆነው ገንዘብ ሲቸግረው ነው ብላ ተናግራለች። ይሄ አባባሏ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እውነት ነው?

ሂዊ_ድራማ፦
ኦ ማይ ጋድ ስለሷ ሰው እስኪጽፍ ስጠብቅ ነበር!!! ያን የኦስካር ንግግር ስንቴ እንዳየሁት። ሽልማቱን የሰጣት ብራድ ፒት ነው፣ የሚናሪ ፕሮዲውሰር የሱ ኩባንያ ነው፣ እና ወጥታ መጀመሪያ ያለችው በመጨረሻ ተገናኘን፣ ተልሳ ከተማ ስንቀርጽ የት ነበርክ ነው። ከዛ ስሜን ዮ ያንግ ነው ዩ ጃንግ ነው እያላችሁ ስታበላሹት ኖራችኋል ዛሬ ግን ሁላችሁም ይቅር ብያችኋለሁ አለች። ሳቅ በሳቅ። ግን አብራት ለሽልማቱ የታጨችውን ተዋናይት ግሌን ክሎስን ስትጠራ አያችሁ? እኔ ውድድር በሚባል ነገር አላምንም፣ ግሌን ክሎስን እንዴት ላሸንፍ እችላለሁ አለች። ከዛ ልጆቿን ስታመሰግን እኔ አለቀስኩ።

ሲኒማ_ወዳጅ፦
የቡና ቁርስ ጥሩ ጽፈሻል፣ በአባባሏ ግን አልስማማም። እኔ የእሳት ሴትን ፈልጌ አግኝቼ አይቼዋለሁ። ኪም ኪዮንግ የራሱን የ1960 የቤት ሰራተኛዋ የሚለውን ፊልም ነው እንደገና የሰራው፣ በ82ም ሶስተኛ ጊዜ ሰርቶታል፣ አንድ ታሪክ እድሜውን ሙሉ ያልለቀቀው ሰው ነው። እና ዩን እዛ ውስጥ ያላት ነገር፣ አይኗ ህጻን ይመስልና በሚቀጥለው ሰከንድ ያስፈራሻል፣ ያኔ ገና ጀማሪ ናት እኮ። በማግስቱ አመት ነፍሳቷ ሴት የሚለውንም አብረው ሰሩ። ያ መንገድ ቢቀጥል የት ትደርስ ነበር ብዬ ነው የማዝነው። ከ80ዎቹ ጀምሮ ግን የቤተሰብ ድራማ፣ እናት፣ አማት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ለብር ብላ። ወደ ሲኒማ በደንብ የተመለሰችው በ2003 ነው፣ ያም በዳይሬክተር ኢም ሳንግሱ ፊልም። መሀል ላይ ያለው ወደ ሀያ አመት ለኔ የባከነ ጊዜ ነው። ችግር ጎበዝ ያደርጋል የሚለው ነገር ያሳዝነኛል፣ አርቲስት እንዲህ ሲል መስማት አልወድም። ችግር ስንቱን ነው ያስቀረው።

ናይት_ሺፍት፦
እኔ ስለ አርቱ ብዙ አላውቅም ግን ያልተነሳ ነገር ስላለ ልጨምር። ፍሎሪዳ እያለች ሱፐርማርኬት ካሸር ሆና ሰርታለች፣ በሰአት 2 ዶላር ከ75 ሳንቲም። ራሷ ነች የተናገረችው። ሀገሯ ላይ ምርጥ ተዋናይት የተባለች ሴት፣ አንድም ሰው በማያውቃት ከተማ ቆማ የሰው ቲማቲም ስትመዝን አስቡት።

እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ስምንት አመቴ ነው ካሸር ላይ፣ ሀገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ሲኒማ ወዳጅ ወንድሜ የባከነ ጊዜ ስትል ሆዴን ቆረጠኝ። ካሸር ስትሆን ሰው አንተን አያይህም፣ አንተ ግን ሰውን ታያለህ። እቃው ሲመታ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በሆዱ የሚደምር ሰው አለ፣ ብሩ እንደማይበቃው ከሱ ቀድሜ አውቃለሁ፣ እጁን የቱ ላይ እንደሚያሳርፍ እጠብቃለሁ፣ ዳይፐሩን ነው የሚመልሰው ወይስ ስጋውን። ለልጇ ከረሜላ አይሆንም ብላ ከዛ ልጁ ዞር ሲል ደብቃ የምትገዛ እናት አለች። ስምንት አመት ይሄን አይቻለሁ። ተዋናይ ብሆን ይሄ ሁሉ ይወጣልኝ ነበር።

ሚናሪ ላይ አያትየዋ መጀመሪያ ስትመጣ ልጅቷ በምትኖርበት ቤት ታፍራለች፣ ቤቱ ጎማ ያለው ተጎታች ነው፣ እናቴ እንዲህ ሆኜ አየችኝ ብላ ልትሞት ነው። እናትየዋ ምን አለች፣ ቤቱ ጎማ ስላለው ነው? ደስ ይላል እኮ! በቃ ይሄው ነው። አንድ አረፍተ ነገር ነው ግን ድምጿን ስሙት፣ ያየችውን ሁሉ አይታለች፣ ልጇ ምን ላይ እንዳለች ገብቷታል፣ እና ልጇን ላለማሳፈር ወሰነች። ያን አነጋገር በአሜሪካ ሀገር ድሀ ሆኖ ያልኖረ ሰው አያመጣውም።

አበበ_ዘሰሜን_ሆቴል፦
ልጆች ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ድራማውን የማየው ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። የተወለዱት ኬሶንግ ነው ብላለች ጸሀፊዋ። እኚህ ሴትዮ ሲወለዱ ኬሶንግ የደቡብ ከተማ ነበረች፣ ከ38ኛው መስመር በታች ስለነበረች። በ1950 ጦርነቱ ሲነሳ ገና በመጀመሪያው ቀን ተያዘች፣ በ1953 ተኩስ ሲቆም ወደ ሰሜኑ ገብታ ቀረች። የተኩስ አቁም ድርድሩ ራሱ የተጀመረው እዛችው ኬሶንግ ላይ ነው፣ በ1951 ሀምሌ፣ ኋላ ነው ወደ ፓንሙንጆም የተዛወረው። ያኔ የኛ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ከገባ ሁለት ወሩ ነበር። አባቴ ከዘመቱት አንዱ ናቸው። ስለዚህ ሴትየዋ የትውልድ ቦታቸውን ሄደው ሊያዩ አይችሉም ማለት ነው። ያን ሳስብ በኋላ ስደተኛ አያት ሆነው ሲሰሩ የሚያዩት ፊት ሌላ ይመስለኛል።

የቡና_ቁርስ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ለአባትዎም ክብር ይስጥልን። ናይት ሺፍት እህቴ ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ድራማ_ሰብሳቢ፦
ስለ ባከነው ሀያ አመት እኔ ልመልስ ምክንያቱም እኔ የድሮ ድራማ ሰው ነኝ። ሲኒማ ወዳጅ፣ በነዛ አመታት የሰራችው ብዙው ስራ የማን ድርሰት እንደሆነ ታውቃለህ? የኪም ሱህዮን። (ተዋናዩን ኪም ሱህዮን ማለቴ አይደለም፣ ስማቸው አንድ ነው፣ ይህቺ ሴት ደራሲ ናት፣ ኮሪያ ውስጥ በድራማ ድርሰት የሚስተካከላት የለም ማለት ይቻላል።) ፍቅርና ምኞት በ1987፣ ፍቅር ምንድነው በ1991፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወንዶች በ1995። ፍቅር ምንድነው ሲታይ መንገድ ባዶ ይሆን ነበር የሚባልለት ነው፣ በ1997 የቻይና መንግስት ቴሌቪዥን ሲሲቲቪ ላይ ታይቶ ዛሬ የኮሪያ ማዕበል የምንለው፣ የኮሪያ ድራማና ሙዚቃ በየሀገሩ መወደድ፣ ከዛ ነው የተነሳው የሚሉ አሉ። የኪም ሱህዮን ጽሁፍ ቀላል አይደለም፣ ቃላቱ እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው፣ ተዋናይ አንድ ቃል ብታዛንፍ ትቆጣለች ይባላል። ሀያ አመት እንዲህ አይነት ጽሁፍ በቃልህ ይዘህ በሳምንት ሁለት ክፍል ስትቀረጽ የባከነ አትበለው። ትምህርት ቤት ነው። ሲኒማ ውስጥ ያሉት ሰዎች በአመት አንድ ስራ ሲሰሩ እሷ በአመት ስንት እናት ሆነች።

ደሞ እዛ ሀገር በ80ዎቹ መፋታት ማለት ምን እንደነበር አትርሱ። ዛሬ ሰው ሁሉ አያታችን እያለ ያቆላምጣታል፣ ያኔ ፊቷን ማየት አንፈልግም ያለው ያው ህዝብ ነው። ስትጠየቅ አሁን በጣም ይወዱኛል፣ ይገርማል፣ ሰው ግን እንዲህ ነው ብላ አለፈችው። ቂም የላትም።

ከኮንትራት_ተመላሽ፦
እኔ እዚህ ቤት ጽፌ አላውቅም፣ አንባቢ ብቻ ነኝ። ዛሬ ግን የቤት ሰራተኛ የሚለውን ሳይ እጄ አላስችል አለኝ።

የ2010ሩን የቤት ሰራተኛዋ አይታችሁታል? ኢም ሳንግሱ ያንኑ የኪም ኪዮንግ ታሪክ እንደገና የሰራው፣ ጆን ዶዮን ወጣቷ ሰራተኛ ሆና፣ የስኩዊድ ጌሙ ሊ ጆንግጄ ባለቤትየው ሆኖ። ዩን እዛ ላይ የድሮዋ ሰራተኛ ናት፣ እድሜዋን ሁሉ እዛ ቤት ያሳለፈች። ለሱ ሚና በረዳት ተዋናይትነት ሽልማት በሽልማት ሆናለች። ሰዎች ስለ ወጣቷ ያወራሉ፣ እኔ ግን አይኔን ከዩን ላይ መንቀል አልቻልኩም።

አረብ ሀገር አምስት አመት ሰርቻለሁ፣ ሀገሩንም ቤቱንም አልናገርም። እኔ የነበርኩበት ቤት አንዲት የቆየች ሰራተኛ ነበረች፣ የሌላ ሀገር ሰው፣ አስራ ምናምን አመት የሰራች። ማዳም ስትኖር ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ ግድግዳ በይው። እጆቿ ከፊት ተጣጥፈው፣ አይኗ ምንጣፉ ላይ። ማዳም በሩን ዘግታ ስትወጣ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ሌላ ሰው ትሆናለች፣ ታጨሳለች፣ ትሳደባለች፣ ያን ጊዜ እንኳን ጆሮዋ በሩ ላይ ነው። እኔን ትወደኛለች ግን ለማዳም ትናገርብኛለች። ሁለቱንም። ለምን ብዬ ስጠይቃት መልስ የላትም ነበር። እኔ ያኔ እጠላት ነበር።

ዩን ፊልሙ ላይ ያቺው ሴትዮ ናት። ምኗም ሳይቀር። ወጣቷ ማርገዟን ራሷ ሳታውቅ አሮጊቷ ታውቃለች፣ አይታ ብቻ፣ እና ሄዳ ለባለቤቶቹ ወገን ትናገራለች። ያደረገችው ክፉ ነው። ግን ፊቷን ስታዪ ለምን እንደተናገረች ይገባሻል፣ ልጇን በዛ ቤት ደሞዝ አስተምራ አቃቤ ህግ አድርጋዋለች፣ እድሜዋን ሁሉ የከፈለችው ለሱ ነው፣ አንድ ቀን ብትሳሳት ሁሉ ነገር ይፈርሳል። በመጨረሻ በቃኝ ብላ ያን ቤት ለቃ ስትወጣ እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ ቆሜ ነበር ሳላውቀው።

እና ዛሬ የቡና ቁርስ ስትጽፊ ነው የገባኝ፣ በ1971 ወጣቷ ሰራተኛ ሆና የጀመረችው እሷው ናት ለካ። 39 አመት ቆይታ ያንኑ ታሪክ አሮጊቷ ሆና ሰራችው። ለልጆቿ ስትል ሰራች የምትሉት ነገር ለኔ እንከን አይደለም። ያችን ሴትዮ እንዲህ አድርጋ ያወጣቻት ለልጅ ብሎ መስራት ምን እንደሚያደርግ ስለምታውቅ ነው፣ ጥሩውንም መጥፎውንም። አብራኝ ትሰራ የነበረችውን ሴት ይቅር ያልኳት ፊልሙን ካየሁ በኋላ ነው። የት እንዳለች አላውቅም።

ሂዊ_ድራማ፦
እህቴ እንኳን በደህና ተመለስሽ። እንኳን ጻፍሽልን።

ናይት_ሺፍት፦
እናቴ እንኳን መጣሽ። ሌላም ጊዜ ጻፊ እባክሽ።

ሲኒማ_ወዳጅ፦
ከኮንትራት ተመላሽ፣ ሁለቱን ፊልም ስንቴ አይቼ እንዳንቺ አላየሁትም። ሁለቱን ሰራተኞች የምትሰራው አንዲት ሴት መሆኗን አውቃለሁ፣ እንደ መረጃ ነው የማውቀው፣ አንቺ ግን ኖረሽዋል። የባከነ ጊዜ ያልኩትን እመልሳለሁ። ድራማ ሰብሳቢም ትክክል ነህ፣ የኪም ሱህዮንን ጽሁፍ አላሰብኩትም ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን አሁንም እቆማለሁ። ችግሩ ራሱ አይደለም ጎበዝ ያደረጋት። ተቸግሮ መጥፎ የሚሰራ ሞልቷል። እሷ ጋ ያለው ችግሩ ያመጣላትን ትንሽዬ ሚና ሁሉ እንደ ትልቅ ስራ መያዟ ነው። ኦስካር መድረክ ላይ ኪም ኪዮንግን አመስግናለች፣ የመጀመሪያ ዳይሬክተሬ ነው፣ ጂኒየስ ነበር፣ በህይወት ቢኖር ደስ ይለው ነበር አለች። ሰውየው በ1998 ቤቱ በእሳት ተቃጥሎ ነው የሞተው። ሀምሳ አመት ቆይታ ስሙን እዛ መድረክ ላይ መጥራቷ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ደሞ ያልተነገረ ነገር ልንገራችሁ፣ የእሳት ሴት ታሪኩ የሚካሄደው ዶሮ እርባታ ያለበት ቤት ውስጥ ነው። ሚናሪ ላይ ልጇና አማቿ የሚሰሩት የት ነው? ጫጩት ወንድና ሴት የሚለይበት ቦታ። እና አንዱ በስሙ፣ ሌላው በታሪኩ እሳት አለው። ማንም ያቀደው አይመስለኝም፣ ግን ያየሁ ቀን ጸጉሬ ቆመ።

ቃል_አምላክ፦
ስፖይለር እንዳይሆን እንጂ የሚናሪ እሳት ላይ ልናገር። ያላያችሁ ዝለሉት። አያትየዋ ስትሮክ መትቷት ግማሽ አካሏ አይታዘዝላትም፣ ቤተሰቡ በሌለበት ቆሻሻ ላቃጥል ብላ እሳቱ አምልጧት ያመረቱትን ሁሉ ያከማቹበት ቤት ይቃጠላል። ከዛ ምንም ሳትናገር በጨለማ መንገዱን ይዛ መሄድ ትጀምራለች፣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ። እኔ የምላችሁ እሷ ስትራመድ ጀርባዋን እዩ። ፊቷ አይደለም የሚታየው። አንድ ትከሻዋ ወርዶ፣ አንድ እግሯ ትንሽ እየተጎተተ። እና ያ ልቡ የታመመው፣ አትሩጥ አትሩጥ ሲባል የኖረው ትንሹ ልጅ ይሮጥና ፊቷ ይቆማል፣ አያቴ ቤታችን በዚህ ነው ይላታል። መጀመሪያ ላይ የምናየው የልጁ የልብ ህመም ነገር ሁሉ እዛች ላይ ነው የሚፈታው። በጀርባዋ ኦስካር የወሰደች ተዋናይት ናት እኔ የምላት።

እና ታውቃላችሁ ዳይሬክተሩ ሊ አይዛክ ቾንግ የራሱን አያት ታሪክ ነው የጻፈው፣ እሷም ስትገባ አያትህን ልምሰል ወይ ብላ ጠየቀችው፣ እሱ አይ እንደፈለግሽ አድርጊያት አላት። በዛ ነው ያመነችው። በትንሽ በጀት፣ በ25 ቀን፣ ኦክላሆማ ሙቀት ውስጥ ነው የቀረጹት፣ እሷና ልጇን ሆና የሰራችው ሀን ዬሪ አንድ ኪራይ ቤት አብረው ነበር የሚኖሩት። 70 አልፏታል እኮ ያኔ።

ድራማ_ሰብሳቢ፦
ቃል አምላክ ቆንጆ። ስለ እድሜዋ ካነሳሽ አይቀር፣ ከ60 በኋላ ለራሷ የወሰነችው ነገር አለ፣ ልጆቼ አድገዋል፣ ከእንግዲህ ብሩን ሳላይ የምወዳቸው ሰዎች ጋር ብቻ ነው የምሰራው፣ ይሄ ነው የኔ ቅንጦት ብላለች። ከዛ በኋላ ያለውን እዩት። በ2016 ባከስ ሴት የሚለው ፊልም ላይ ሶል መናፈሻ ውስጥ ገላዋን እየሸጠች የምትኖር አሮጊት ሆነች፣ በ69 አመቷ ያን ሚና እሺ የሚል ስንት ተዋናይ አለ። በ2017 ደሞ ተነስታ ኢንዶኔዢያ ደሴት ላይ ሬስቶራንት ከፈተች፣ የዩን ኪችን፣ ሪያሊቲ ሾው ነው፣ ቡልጎጊ እያበሰለች። ወጣቱ ትውልድ የወደዳት በሱ ነው። ምግቡ ሲዘገይ እንዴት እንደምትደነግጥ፣ ደንበኛ ሳህኑን ጨርሶ ሲመልስ እንዴት አጮልቃ እንደምታይ! ባዶ ሳህን ስታይ ፊቷ ይበራል፣ ምግብ የተረፈ እንደሆነ ምን ጎደለው እያለች ትቀምሰዋለች።

ሂዊ_ድራማ፦
የዩን ኪችንን እኔ እናቴን አሳይቻት ሴትየዋ ባለሙያ ናት አለችኝ። እናቴ ሰውን እንዲሁ ባለሙያ አትልም።

ግን ቆይ በ2022 ኦስካር ላይ ያደረገችውን ማንም አላነሳም?? ያኔ ሽልማት ሰጪ ሆና ነው የወጣችው፣ ምርጥ ረዳት ተዋናይ። አሸናፊው ትሮይ ኮትሰር ነበር፣ መስማት የተሳነው ተዋናይ ነው፣ ኮዳ የሚለው ፊልም ላይ የሰራው። እሷ ስሙን በአፏ ከመጥራቷ በፊት በእጇ በምልክት ቋንቋ ነገረችው። ከዛ ሽልማቱን ሰጠችው፣ እሱ ንግግር ሊያደርግ ሲል ሀውልቱ እጁን ያዘበት፣ በእጁ ነው እኮ የሚናገረው። ወዲያው ተቀበለችውና ንግግሩን እስኪጨርስ አጠገቡ ይዛለት ቆመች። አይኗን ካይኑ አልነቀለችም።

ናይት_ሺፍት፦
ይሄን አላየሁም ነበር። አሁን ፈልጌ አየሁት። እጁ እንደተያዘ አየች፣ በቃ። ካሸር ነበረች ስላችሁ።

ከኮንትራት_ተመላሽ፦
ፓቺንኮ የሚለው ድራማ ላይስ? ሩዙን ያያችሁ አላችሁ? ከኮሪያ ፑሳን ወጥታ ጃፓን ሀገር እድሜዋን የጨረሰች ሱንጃ የምትባል ሴት ናት፣ አሮጊቷን ሱንጃ ዩን ናት የምትሰራት። አንድ ሰው ቤት እንግድነት ሄዳ ነጭ ሩዝ ቀረበላት፣ ወጥ የለው ምን የለው ተራ ሩዝ። አንድ ጊዜ ጎረሰችና ቆመች። ታኝካለች፣ ቀስ ብላ፣ ይሄ የሀገራችን ሩዝ ነው አለች፣ እዛ የበቀለ። በልጅነቷ ኮሪያ በጃፓን ተይዛ ነበርና ያን ሩዝ እንደልብ መብላት የሚችለው ጃፓኑ ነበር፣ እናቷ በስንት ልመና ትንሽ አግኝታ ለሰርጓ ቀቅላላታለች። ይሄ ሁሉ በአንድ ጉርሻ ፊቷ ላይ ያልፋል፣ አታወራም።

አረብ ሀገር እያለሁ አንዲት ልጅ ከሀገር ስትመለስ ትንሽ ድርቆሽ ይዛልኝ መጣች፣ ደርቆ ተሰባብሯል። ማታ ኩሽና ውስጥ ቆሜ በውሀ ነክሬ በላሁት። ስለዚህ ያን ሩዝ ሳይ ሰብታይትሉን አላነበብኩም፣ አላስፈለገኝም።

ቃል_አምላክ፦
😭😭 እናንተ ዛሬ ልትገሉኝ ነው

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ እኔ ምንም አላየሁም፣ ይሄን ሁሉ ስታወሩ ግን ቀናሁ። ከየቱ ልጀምር? እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደለም፣ ሰብታይትል ቶሎ ቶሎ አላነብም።

የቡና_ቁርስ፦
ሚናሪን ጀምሪ ወይም ጀምር፣ ንግግሩ ትንሽ ነው ፊታቸውን በማየት ብቻ ትረጂዋለሽ። ከዛ ፓቺንኮ፣ እሱ ረጅም ነው ግን የጃፓን እና የኮሪያ ታሪክ አብሮ ይገባሻል። የ2010ሩ የቤት ሰራተኛዋ ከበድ ያለ ነው፣ ልጆች ባሉበት አይታይም። የእሳት ሴትን መጨረሻ ላይ እዪው፣ 24 አመት ሆና የነበረችውን ፊት ያን ጊዜ ስታዪው አሁን የምታውቂያትን አሮጊት ውስጡ ታገኛታለሽ።

እና ሲኒማ ወዳጅ፣ ጥያቄዬን ጥሩ አድርገህ መለስክልኝ፣ ከችግሩ ይልቅ አያያዟ ነው ያልከውን ተቀብያለሁ። ኦስካር ስትቀበልም ያለችው እሱን ይመስለኛል። ሁለቱን ልጆቼን አመሰግናለሁ፣ ውጪና ስሪ የሚሉኝ እነሱ ናቸው፣ ልጆቼ፣ እናታችሁ በጣም ስለሰራች ይሄው ውጤቱ አለች። ጥበብ ምናምን አላለችም። ሰራሁ ነው ያለችው።

አዲስ_ገቢ፦
እሺ ጀምሬያለሁ፣ መሀል ላይ አቁሜ ነው የምጽፈው። ሴት ነኝ በነገራችን ላይ። አያትየዋ አሁን ገና ከኮሪያ መጣች፣ ሻንጣዋን ከፍታ በርበሬ አወጣች፣ በላስቲክ የታሰረ የደቀቀ በርበሬ፣ ከዛ ደረቅ ትንንሽ አሳ፣ ልጅቷ ላስቲኩን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ባለፈው አመት ስትመጣ በርበሬና ሽሮውን በፎጣ ጠቅልላ በልብሷ መሀል አድርጋ ነው ያመጣችው፣ ኤርፖርት እንዳይወስዱባት ፈርታ። አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች እናቴ፣ ቋንቋው አይገባትም፣ ይቺ ሴትዮ ለልጇ ምን አመጣችላት ብላ ጠየቀችኝ፣ በርበሬ አልኳት። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላለች። ልቀጥል ነው።